ተቀምጬ የማነበው ደም

የምሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም። ጠዋት ስገባ፣ ለምሳ ወርጄ ስመለስ፣ ካርድ ክፍል ሲጠሩኝ፣ ያንን ደረጃ በቀን አራትም አምስትም ጊዜ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ፣ ስልኬን የማይ መስዬ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። ኋላ በየፎቁ መቆም መጣ፤ ከዚያ በየአምስት ደረጃው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት መሃል ላይ ተቀመጥኩና መነሳት አቃተኝ። ራሴን አልሳትኩም። በጎኔ የሚያልፈውን ሰው ጫማ አያለሁ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ እጄ ላይ የታካሚ ሽንት የያዘ ብልቃጥ አለ። የማስበው ስለ ብልቃጡ ብቻ ነበር፤ እንዳይደፋ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም። በሦስተኛው ቀን ጠርተውኝ ወንበር ሰጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ።

«እንዳትቀየሚኝ እህቴ» አሉ። «እኔ የምፈልገው ቀኑን ሙሉ የሚቆም፣ ሲጠሩት የሚሮጥ ሰው ነው።»

አልተቀየምኩም። ጋውኔን አጥፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ደረጃውን ወረድኩ። መውረድ አያስቸግረኝም።

ልቤ የተበላሸው በልጅነቴ ነው። አስራ አንድ ዓመቴ ላይ ጉሮሮዬን አመመኝ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ አበጠ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ጠፋና ሁሉም ሰው ዳነች አለ። ቶንሲሉ ልቤ ላይ መውረዱ የታወቀው ቆይቶ ነው፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አንድ ዙር መሮጥ ሲያቅተኝ። ከልቤ ቫልቮች አንዱ ጠቧል፤ ደም እንደልብ አያሳልፍም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ስለ ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ጠይቄ ነበር። «ገና ነው፣ ይቆይ» አሉኝ። ከዚያ በኋላም በሄድኩ ቁጥር ይቆይ ይሉኛል። የላቦራቶሪ ትምህርት የመረጥኩት የተቀመጠ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ስገባበት ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሚቀመጥበት የሚቆምበት ጊዜ እንደሚበልጥ አየሁ።

ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ትሰበስብ ነበር። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት።

«ዛሬ ቶሎ መጣሽ» አለችኝ።

«ሥራው ቀረ እማዬ።»

ትንሽ አየችኝ። «እንኳን ቀረ» አለችና መስኮቱን ልትዘጋ ወደ ውስጥ ገባች። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።

ቤታችን ሐረር ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስኬድ ቀጭን መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነበር ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ከዚህ አልሄደም። እኔም ሁለት ወር ያህል ከአልጋዬ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ አልጋዬ ስል ከረምኩ። ጎረቤቶች «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሉኝ «አርፌያለሁ» እላለሁ። ያዘንኩ አይመስለኝም። ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ይገባኛል፤ ግን የማሳያት አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ኮሌጅ ያስተማሩኝ ሐጂ መጡ። እድሜያቸው ስልሳ አልፏል፤ የሐረር ተወላጅ፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተቀምጠው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ስለ ወባና ስለ ሌሎች ጥገኛ ተውሳኮች ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከሥራ መቅረቴን ከማን እንደሰሙ አልነገሩኝም። ለእናቴ ሰላምታ ሰጥተው፣ ያቀረበችላቸውን ሻይ ተቀብለው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዓይንሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ስለ ልቤ አልጠየቁም። «ዓይኔ ደህና ነው» አልኩ።

«ጀርባሽስ? ሁለት ሰዓት አጎንብሰሽ ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ የምፈልገው ዓይንና ጀርባ ነው። እግር ሌላ ሰው አለኝ።»

ከከተማው በታች ባሉ የቆላ ቀበሌዎች ስለ ወባ የሚደረግ ጥናት ላይ አማካሪ ሆነው ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ናሙና ሰብሳቢው ቤት ለቤት በእግሩ እየዞረ የሰው ጣት ወግቶ ደሙን ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ ያኖራል። ስላይዱ ከተማ መጥቶ ቀለም ይነከራል። ቢሮ ያለው አንደኛ አንባቢ በማይክሮስኮፕ አይቶ ወባ አለው ወይም የለውም ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ሁለተኛ አንባቢ፣ የመጀመሪያው ምን እንዳለ ሳያይ፣ ያንኑ ስላይድ እንደገና ያነባል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሐጂ ይዳኛሉ።

«ሁለተኛው አንባቢ ቢሮ መምጣት የለበትም» አሉ። «የትም ቁጭ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ያን ሥራ ላንቺ አስቤዋለሁ።»

እናቴ «በደረጃ የሚወጣ ነገር አለው?» አለቻቸው።

«የለውም። ማይክሮስኮፑ እዚህ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ለመምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ። የጥናቱ ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ሰው ቤት እንዲገባ አልፈለጉም። በመጨረሻ ሐጂ በራሳቸው ስም ፈርመው አወጡት። መተላለፊያው አፍ ድረስ በባጃጅ አመጡት፤ ከዚያ እሳቸው ከፊት እያነከሱ፣ ሾፌሩ ሳጥኑን አቅፎ ከኋላ፣ ቤት አደረሱት። እናቴ የምግብ ጠረጴዛችንን ለቀቀችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ የምንበላው ትሪ ጭናችን ላይ አድርገን ነው።

ሐጂ መብራቱን አስተካክለው፣ ጠብታ ዘይት አኑረው፣ ተነሱና አስቀመጡኝ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት» አሉ። «መሃል ላይ ትተኛለሽ። ሲደክምሽ ታቆሚያለሽ። የደከመ ዓይን የሌለ ወባ ያያል፤ ያለውን ደግሞ ያልፋል። መዝገብሽ ላይ ከስላይዱ ቁጥር ጎን አንድ አምድ አስምሪ፤ ድካም ብለሽ ጻፊበት። ደህና ከሆንሽ ባዶ ተዪው። ከደከመሽ ምልክት አድርጊ። እኔ ምልክት ያለበትን ነገ አስደግምሻለሁ፤ አልቆጣም። አብሽሪ።»

እንዲህ ብሎ ያዘዘኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ድካሜን ስደብቅ ነው የኖርኩት፤ በትምህርት ቤትም፣ በኮሌጅም፣ በክሊኒኩም። አሁን ከሥራው መረጃ አንዱ ሆነ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አምዱን አሰመርኩ።

ከናሙና ሰብሳቢዎቹ አንዱን ያየሁት ውል ስፈርም፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለው ቢሮ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ትልልቅ ጫማ ያደረገ፣ ድምፁ ከክፍሉ የሚተርፍ። አንዱ ሠራተኛ ስለ ቆላው መንገድ ሲያማርር ጫማውን እያሳየ «ኧረ አቦ! እኔ ፈረስ ነኝ» አለና አሳቀን። እኔ ከባጃጅ ወርጄ በሩ ድረስ በመምጣቴ ገና ትንፋሼ አልተመለሰም ነበር። ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። ሐጂ በየሳምንቱ ሐሙስ ሳጥኑን ያመጣሉ፣ ያነበብኩትን ይወስዳሉ። ከአንደኛ አንባቢው ጋር አብዛኛውን ጊዜ እንስማማለን። የማየው የሰው ደም ነው፤ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ቁጥር ናቸው። ቁጥሩ ቀበሌውንና ቤቱን ይናገራል፤ ዕድሜና ፆታ፣ ሴቷ እርጉዝ ከሆነችም ያው፣ አጠገቡ ይጻፋል። ወባ ሳገኝ የሆነ ቤት ውስጥ ሰው እየነደደ እንደሆነ አውቃለሁ። «አለ» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

አንድ ስላይድ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ወፍራም ጠብታ ነው፤ ወባ መኖሩን የምንፈልገው እዚያ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ግን ቀይ ሕዋሳቱ ፈርሰው ስለሚጠፉ መልካቸው አይታይም። ሌላው ቀጭን ሆኖ የተሳበ ደም ነው፤ እዚህ ላይ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተዘርግተው ይታያሉ። ወፍራሙ ላይ ወባ ያላገኘ ሰው ወደ ቀጭኑ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። እኔ ግን እሄድ ነበር። ዓይኔን የማሳርፈው እዚያ ነው። ወፍራሙን ጨርሼ «የለም» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ቀጭኑን ትንሽ አየዋለሁ፤ ክብ ክብ፣ ሮዝ፣ ጸጥ ያለ ነው።

በሰባተኛው ወር አንድ ቀጭን ደም ላይ ሕዋሳቱ ክብ አልነበሩም። እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ናቸው፤ ጥቂቶቹ አይደሉም፣ አብዛኞቹ። እንዲህ ያለ ደም በውርስ የሚመጣ እንደሆነ ተምሬያለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ስልኬን የማይክሮስኮፑ ማያ ላይ ደግፌ ፎቶ አነሳሁት። የሚቀጥለው ስላይድ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደገና ሞላላ። ሳጥኑን ስጨርስ አስራ አንድ ነበሩ።

ድካም የሚለው አምድ ላይ ለሁሉም ምልክት አደረግኩና ተኛሁ። ጠዋት ተነስቼ አስራ አንዱንም ደገምኳቸው፤ ያው ናቸው። ቁጥራቸውን አየሁ። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለች፣ የስልሳ ዓመት አዛውንት አለ፣ እርጉዝ ሴት አለች። አራት የተለያየ ቀበሌ ነው። ሁሉም ሩቅ፣ ሁሉም ዳገት ላይ ካሉ ቤቶች።

ለሐጂ ደወልኩ። ሐሙስን አልጠበቁም፤ የከሰዓት በኋላ የጫት ባርጫቸውን ትተው መጡ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። እናቴ ሁለቴ ገብታ ወጣች።

«ቤተሰብ ቢሆኑስ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከማያው ሳያነሱ። «በውርስ የሚመጣ ነገር ነው።»

«አራት ቀበሌ ነው ሐጂ።»

«ተጋብተው ይሆናል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የአንድ ሰው ደም ነው እላለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቤቶቹ ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።»

ሐጂ ያን ጉልበታቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። መኪናው የደረሰበት ድረስ በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎ። በሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ደወሉልኝ። ከአስራ አንዱ ቤት ዘጠኙ መርፌ የያዘ ሰው አልመጣብንም ብለዋል፤ አንዱ ቤት ዝግ ነው፤ የአንዱ ባለቤት ደግሞ ባለፈው ዓመት መጥቶ ነበር፣ ዘንድሮ አላየነውም ብሏል። በማግስቱ የእነዚያን ቀበሌዎች ናሙና ሰብሳቢ፣ ያንን ፈረስ ነኝ ያለውን፣ ቢሮ ጠሩት። ጥያቄው ሳያልቅ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ አሉ። የጣቶቹ ጫፍ በመርፌ የተበሳሳ ነበር። የራሱን ደም ነው የሰጠን።

ወዲያው ተሰናበተ። እሱ የሰበሰበው ሁሉ ከጥናቱ ወጣ፤ ሐሰተኞቹ ብቻ አይደሉም፣ እውነተኞቹም ጭምር፤ ከእንግዲህ የቱ የቱ እንደሆነ ማመን አልተቻለም። የእኔም የወራት ንባብ አብሮ ወጣ። ሐጂ በስልክ ሲነግሩኝ «እሺ» አልኩ። «ደህና ሠርተሻል» አሉኝ። እሱንም «እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና እናቴ የሰጠችኝን ሽንኩርት ላጥኩ።

ከዚያ አስር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጬ ሳለ በር ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። «ደህና አደሩ እማማ፣ የላቦራቶሪዋ እህት አለች?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አወቅሁት። እናቴ አላወቀችውም፤ አስገባችውና በርጩማ ሰጠችው። ተቀመጠ። ትንፋሹ ቶሎ አልተመለሰም። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ለመሳብ ይሞክራል። ያንን አደራረግ አውቀዋለሁ። የደከመ ሰው እንዳይመስል የሚጥር ሰው እንዲያ ነው የሚተነፍሰው።

«ስላይዱን ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?»

ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየው።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንተ ነው። የሌላ ሰው ክብ ነው፤ ያንተ ሞላላ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ያንን ደም ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። የአንድ ሰው መሆኑን ለማወቅ፣ ቤቱን ለማወቅ፣ ማጭበርበሩን ለማወቅ አይቼዋለሁ። ሰውየው ምን ሆኗል ብዬ አንዴም አልጠየቅሁም።

«ይደክምሃል?» አልኩት።

ሳቅ አለ፤ ያ የቢሮው ሳቅ አልነበረም። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልኩ። ኋላ ዳገት ስወጣ ግማሹ ላይ እቀመጣለሁ። ከዛፍ ሥር ተኝቼ የዋልኩበት ቀን አለ፣ ወላዲቷን! ስልክ ሲደውሉልኝ እየሄድኩ ነው እላለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ፎርሙ ላይ ያለው ስንት ቤት ገባህ የሚል ነው። ደከመኝ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ደግሞ እኔ ፈረስ ነኝ ብዬ ነው የተቀጠርኩት።» ማይክሮስኮፑን፣ ወንበሬን፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ትራስ አየ። «አንቺን ግን እንዴት ተቀምጠሽ ስሪ አሉሽ?»

«ሐጂ ጠየቁልኝ።»

«እህ» አለ። «እኔ እንዲያ ያለ ሰው አልነበረኝም።»

ቂም አልነበረበትም። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንዲዞር ነግሬው የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረግኩ። ውስጡ የነጣ ነው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ደግሞ ቢጫ ነው፤ ቀን ብርሃን ላይ ካልሆነ የማይታይ ቢጫ። ወረቀት ላይ ያየሁትን ጻፍኩለት፤ ሞላላ ሕዋሳት፣ የደም ማነስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጣፊያው ይታይ። «ይሄንን ለሐኪም ስጥ» አልኩት። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሲወጣ እናቴ ሻይ ሳይጠጣ መሄዱ ከነከናትና እስከ መተላለፊያው አፍ ተከተለችው።

ለሐጂ ደወልኩና መጥቶ እንደነበር ነገርኳቸው።

«የዋሸ ሰው ነው» አሉ። እንዲህ ቆጣ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «በስንት ሰው ጤና ላይ ነው የዋሸው!»

«ዓይኑ ቢጫ ነው ሐጂ። ስላይዶቹ እርስዎ ጋ ናቸው፤ መልሰው ይዩዋቸው። ደሙ እየፈረሰ ከሆነ ያልበሰሉ ወጣት ሕዋሳት በዝተው ይሆናል። እኔ ያኔ ልብ አላልኳቸውም።»

ስልኩን ዘጉት። በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው ደወሉ።

«አየሁት» አሉ። «ያ ረብ። አስራ አንድ ጊዜ ታሟል ብሎ ደሙ ነግሮናል። አንቺም አየሽ፣ እኔም አየሁ። ሌባ ነው የፈለግነው።»

ወደ ሥራው አልመለሱትም፤ «ያንን አልችልም» አሉኝ። ሐኪም ጋ ግን ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ቀይ ሕዋሳቱ ከጊዜያቸው በፊት እየፈረሱ ነበር፤ ጣፊያው አብጦ ከጎድኑ በታች ወጥቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ጉልበት ስለነበረው ሳያስታውቅ ቆይቶ ነው። ወራት ጠብቆ አዲስ አበባ ላይ ጣፊያው በኦፕራሲዮን ወጣ። እሱን ይቆይ አላሉትም። ይሄን ስሰማ ሊሰማኝ የሚገባው ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ሞከርኩ፤ ተውኩት።

ኃላፊዎቹ ስለ ጉዳዩ ስብሰባ ጠሩ። እኔ በስልክ ነበርኩ። ናሙና ሰብሳቢዎች የት እንደደረሱ የሚያሳይ ስልክ ይያዙ ተባለ፤ ድንገተኛ ቁጥጥር ይደረግ ተባለ፤ ሁሉም ተስማማ። መጨረሻ ላይ «የምትጨምሪው አለ?» አሉኝ።

«ፎርሙ ላይ ደክሞኛል የሚል ቦታ ይኑር» አልኩ።

ከዚያ አንድ ሰው «ይሄ እኮ ጉልበት ላለው ሰው የሚሆን ሥራ ነው» አለ። እሱን ተከትሎ የሐጂ ድምፅ መጣ።

«እኔም እንዲያ ነበር የማስበው» አሉ። «እሷን ስቀጥር ዓይንሽ እንዴት ነው፣ ጀርባሽ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄያለሁ። እሱን ምንም አልጠየቅሁትም። ጫማውን አይቼ ነው የላክሁት።»

ቦታውን ፎርሙ ላይ ጨመሩት። ከዚያም በላይ ሩቅ ቀበሌ የሚሄዱት ሁለት ሁለት እንዲሆኑ ተወሰነ። የት እንደደረሱ የሚያሳየውን ስልክም ሰጧቸው። በሚቀጥለው ወር የመጡት ፎርሞች ላይ ያ ቦታ ባዶ ነበር፤ በሁለተኛውም ወር ባዶ። በሦስተኛው አንድ ሰው ምልክት አድርጎበት መጣ። ሐጂ ፎርሙን ይዘው ቤት ድረስ መጥተው አሳዩኝ። አየሁትና መለስኩላቸው።

አሁን ጠዋት ብቻ ነው በደንብ የማነበው፤ ከሰዓት በኋላ እጆቼ ይቀዘቅዛሉ፣ ጀርባዬም እንደ በፊቱ አይደለም። ሐጂ ይህንን አይተው ሌላ ነገር አመጡ፤ አስቸጋሪ የሆኑ ስላይዶችን ፎቶ እያነሳሁ፣ ሌላ ከተማ ላሉ ጀማሪ አንባቢዎች በስልክ አስተምራለሁ። አልጋ ላይ ጋደም ብዬም ይሆናል። ከተማሪዎቼ አንዷ በልጅነቷ ፖሊዮ የያዛት ናት፤ ሌላው ኩላሊቱን በሳምንት ሁለቴ የሚያሳጥብ ሰው ነው። ገና ስንጀምር ሁለቱንም በስንት ሰዓት እንደሚደክማቸው ጠየቅኳቸው። «የድካሜን ሰዓት የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች ልጅቷ። የሚደክማት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው።

ባለፈው ወር መርፌዬን ተወግቼ ስመለስ ስልኬ ወደቀና ማያው ተሰነጠቀ። ባጃጁን ሸዋ በር አስቁሜ፣ ሰው የመራኝ የስልክ ጥገና ሱቅ ሄድኩ፤ ከመደርደሪያ የማይሰፋ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ሱቅ ነው። ውስጡ እሱ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ የታሰረ ማጉያ መነጽር አለው። ትልልቆቹ ጫማዎች የሉም፤ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ከስቷል፣ ዓይኑ ግን ነጭ ነው። አየሁት፤ ለማየት ብዬ ነው ያየሁት።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዜር ይመስገን። ዳገት ላይ አሁንም አልረባም።» ስልኩን ከእጄ ወስዶ ገለባበጠው። «ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ቁጭ በዪ።»

በርጩማው አንድ ነው፤ እሱ የተቀመጠበት። ተነስቶ ሰጠኝና ቆሞ መሥራት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር አየሁ። እሱም ማየቴን አየ። ከጎረቤት ሱቅ የለስላሳ ሳጥን ተበድሮ አመጣ፤ ገልብጦ ተቀመጠበት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ በተራ ወረቀት ላይ ይደረድራቸዋል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ስልኩን ሠርቶ ሰጠኝ። ቤት ስደርስ እናቴ ተኝታ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነበቡ ሃያ ስላይዶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አስራ ሁለቱን አነበብኩ። የቀሩትን ለነገ አስቀመጥኳቸው።